አተላው እስኪዘቅጥ

ኤርሚኒያ እንግዶችን በሚኒባስ ጭና በሰሜን ጣሊያን፣ በላንጌ ኮረብቶች ላይ ከመንደር መንደር ማዞር ከጀመረች አስራ ስምንት ዓመቷ ነው። ላ ሞራን ታሳያለች፣ ባሮሎን ታሳያለች፣ ሞንፎርቴ አውጥታ ምሳ ታበላለች። ሴራሉንጋን ግን አታሳይም። በዚያ አገር ካሉት ግንቦች ሁሉ ረጅሙና ቀጭኑ ያለው ሴራሉንጋ ነው፤ ከየትም ኮረብታ ላይ ቢቆሙ ይታያል። እንግዶቹም «ያስ?» እያሉ በጣት ያሳዩዋታል።

«መንገዱ ተዘግቷል» ትላቸዋለች።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መንገዱ ተዘግቷል። የዘጋው ናዳ አይደለም፤ ጎርፍም አይደለም። ወንድሟ ሴኮንዶ እዚያ ስለሚኖር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ሲሞት ካስቲልዮኔ ያለው ቤት ለኤርሚኒያ፣ ከሸለቆው ማዶ ሴራሉንጋ ያለው ማሳ ለሴኮንዶ ደረሰ። ከማሳው ግርጌ እናታቸው በእጇ የተከለችው አራት ረድፍ ያረጀ ወይን ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኤርሚኒያ የወጥ ቤቷን መስኮት ስትከፍት፣ ሴኮንዶ ያንን ወይን በትራክተር ከነሥሩ እየመነገለ አየችው። በሳምንቱ ኖቾላ ተከለበት፤ ያንን ለቸኮላታና ለኬክ የሚሆን ድቡልቡል ፍሬ የሚያፈራውን ዛፍ። አላማከራትም፤ ልንቀል ነው እንኳ አላላትም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቄሱም ሕዝቡም ቆሞ እየሰማ፣ «አባታችን አንተን ከሚወልድ ያኔውኑ ኖቾላ ቢተክል ይሻለው ነበር» አለችው።

ሴኮንዶም የዋዛ አይደለም። «አንቺ ራስሽ በረዶ የመታው ዓመት ምርት አይደለሽ? ከአንቺ ምን ይጠበቃል!» አላት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። የሴኮንዶ ሚስት የሞተች ጊዜ እንኳ ኤርሚኒያ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር ቆማ ጸሎቱን ሰማችና ሰው ወጥቶ ሳያያት ሄደች። ልጅ አልነበራቸውም። ሴኮንዶ ብቻውን ቀረ። እሷም ያው ብቻዋን ናት። ሁለቱም ማታ መብራት ሲያበሩ ከሸለቆው ማዶና ማዶ ይተያያሉ፤ ይኸው ነው ዝምድናቸው።

የበረዶው ስድብ ለምን እንደዚያ እንደጎዳት የዚያ አገር ሰው ብቻ ነው የሚገባው። እዚያ ልጅ ሲወለድ አባት የዚያን ዓመት ወይን ስድስት ጠርሙስ በልጁ ስም ምድር ቤት ያስተኛል። ልጁም ወይኑም እኩል ያድጋሉ፣ እኩል ያረጃሉ። የሴኮንዶ ዓመት ሽማግሌዎች ዛሬም ኮፍያቸውን አውልቀው የሚያነሱት ዓመት ነው። ኤርሚኒያ የተወለደች ዓመት ግን በነሐሴ በረዶ ወርዶ ፍሬ አይል ቅጠል ሁሉንም አራገፈው። በስሟ የተቀመጠው ወይን ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሆመጠጠና እናቷ ሰላጣ ላይ አፈሰሰችው። ኤርሚኒያ ራሷ ከዚያ ሰላጣ በልታለች።

የሴኮንዶ አምስቱ ጠርሙሶች በየወጉ ተጠጡ፦ ከውትድርና ሲመለስ፣ ሲያገባ፣ አያታቸው ሰማንያ ሲሞላቸው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። ስድስተኛው ምድር ቤት ቀረ። ቤቱ ደግሞ የእሷ ሆነ። እሱም ላኪልኝ አላለም፤ እሷም አልላከችለትም። በየዓመቱ ለፋሲካ ወርዳ አቧራውን ሳትነካ አይታው ትመለሳለች።

በጥቅምት፣ የወይን ለቀማው እየተገባደደ ሳለ፣ አንድ ዓርብ ማታ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ዳቦ ሻጯ ዳቦውን በወረቀት እየጠቀለለች፣ «ወንድምሽን እግዜር ያውጣው እንጂ» አለቻት።

«ከምን?»

«አልሰማሽም እንዴ? እሁድ ቶሪኖ ሆስፒታል ይገባል። ሰኞ ልቡን ሊከፍቱት ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ኑዛዜ ካለህ ጻፍ ብሎታል አሉ።»

«ማን ይዞት ይሄዳል?»

«ታክሲ ጠርቷል።»

ኤርሚኒያ ከፈለችና ዳቦውን እዚያው ትታው ወጣች። ሴትዮዋ ከኋላዋ ብትጣራም አልሰማቻትም። ቤቷ ገብታ ቀጥታ ምድር ቤት ወረደች። ጠርሙሱ እንደተኛ ነው። ሰው ሰኞ ልቡን የሚከፈት ከሆነ፣ የራሱን ዓመት ወይን ሳይቀምስ አይሄድም አለች። ሌላ ምን እንደምትለው አታውቅም ነበር። ይቅርታ አትጠይቅም፤ ያንን ቆርጣለች። ወይኑን ግን ታደርስለታለች፤ አብሯት ይጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሞትም እንደተጣሉ ሞተ አይባልም።

ችግሩ ጊዜው ነው። ስልሳ ዓመት የተኛ ወይን እንደ በሽተኛ ሽማግሌ ነው። ሥሩ አተላ ይዟል። ሊጠጡት ሲያስቡ ቀስ ብለው ያቆሙታል፤ ሦስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት፣ ማንም ሳይነካው አተላው እስኪዘቅጥ ይቆማል። ከተነቃነቀ ይደፈርሳል፤ ሲጠጡት እንደ ጭቃ ውሃ ይመርራል። ያረጀን ወይን በሚጠጡበት ቀን በመኪና ይዞ መዞር በዚያ አገር ሕፃን እንኳ አያደርገውም። ኤርሚኒያ ይህንን ታውቃለች። ግን ሦስት ቀን ከየት ይምጣ? ያላት ቅዳሜ ብቻ ነው። ቅዳሜ ደግሞ እንግዶች አሏት፤ ቃሏን ሰጥታለች፤ ቃሏን አጥፍታ አታውቅም። ስለዚህ ጠርሙሱን አቆመችው፤ ጠዋት በእንጨት ሳጥን ውስጥ በአሮጌ ፎጣ ዙሪያውን ጠቅጥቃ መኪናው ውስጥ በወንበር ቀበቶ አሰረችው።

እንግዶቿ ባልና ሚስት ናቸው። ከናፖሊ የመጡ ሽማግሌዎች። ሰውዬው አኒዬሎ ይባላል፤ ሚስቱ ኢማኮላታ። አኒዬሎ ከኤርሚኒያ አጠገብ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ገና ከአልባ ከተማ ሳይወጡ፣

«ሲኞራ፣ እዚህ ጋ ሁለተኛ ማርሽ ነበር» አላት።

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የእርስዎ ናት። እኔ ግን ናፖሊ ሰላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ።»

«አሁን ግን ጡረታ ወጥተዋል።»

«እግሬ አልወጣም» አለና በጫማው የሌለ ፍሪሲዮን ረገጠ።

ኢማኮላታ ከኋላ ሳቀች። «ልጄ፣ አትፍረጂበት። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ሲያይም ፍሬን ይይዛል።»

ጉሙ ከሸለቆዎቹ ገና አልተነሳም ነበር። የኮረብታዎቹ አናት ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል፤ በየአናቱ መንደር፣ በየመንደሩ የደወል ማማ። የወይኑ ቅጠል ግማሹ ቀልቷል፣ ግማሹ ቢጫ ሆኗል። ኤርሚኒያ ይህን ሁሉ አስራ ስምንት ዓመት ለእንግዳ አሳይታለች፤ የዛን ዕለት ግን ዓይኗ መስታወቱ ውስጥ በሳጥኑ ላይ ነበር። በየኩርባው መኪናዋን እንደ ሙሽራ ታዞራለች። ከኋላዋ የሚመጡ መኪናዎች ጥሩምባ ነፉ።

ላ ሞራ ደርሰው ሽማግሌዎቹ አደባባዩ ላይ ወርደው ፎቶ ሲነሱ እሷ ከመኪናው አልራቀችም። የኋላውን በር ከፍታ ሳጥኑን ታያለች። ኢማኮላታ ተመልሳ መጣች።

«እዚህ ውስጥ ሕፃን ነው እንዴ ያለው?» አለቻት።

«ወይን ነው።»

«በዚህ አገር ወይን ብርቅ ነው? ጠዋት ከተነሳን ጀምሮ ከወይን ሌላ ምን አየን?»

ኤርሚኒያ ለእንግዳ የቤቷን ነገር የምታወራ ሴት አይደለችም። ግን ሴትዮዋ ሻንጣዋን ደረቷ ላይ አቅፋ መልስ ስትጠብቅ፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ወይኑን፣ ኖቾላውን፣ በረዶውን፣ ታክሲውን። ቆማ ነው የነገረቻት፤ አንድም እንባ አላወጣችም። ኢማኮላታም የሐዘን ቃል አልተናገረችም። መኪናው ውስጥ ገባችና ቀበቶውን ፈትታ ሳጥኑን ወደ ራሷ ስባ በሁለት ጉልበቶቿ መሃል ያዘችው፤ ሹራቧንም አውልቃ በላዩ ደረበችበት።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ባሏን ተጣራች። «ና ግባ! ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ጭነናል!»

ባሮሎ ላይ ግንቡን በመስኮት ብቻ አይተው አለፉ። ሞንፎርቴ ላይ አኒዬሎ እርቦኛል አለ። ኤርሚኒያ ሁልጊዜ እንግዶቿን የምታስገባበት ምግብ ቤት ነበረ፤ ያን ቀን ግን ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ትታ ልትገባ አልቻለችም፤ ይዛው ልትገባም አልቻለችም። ሮጣ ዳቦና የተቀቀለ ሥጋ ገዝታ መጣችና መኪናው ጥላ ሥር፣ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠው በሉ።

«ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዤ ዳቦ በአጥር ላይ!» አለ አኒዬሎ።

«ብላ» አለችው ሚስቱ። «ናፖሊም ያው በአጥር ላይ ነው የምትበላው።»

ሰውዬው ዳቦውን እያኘከ ሩቅ አሻግሮ አየና በጣቱ አመለከተ። «ያ ቀጭኑ ግንብስ? የት ነው? እዚያስ አንሄድም?»

የኤርሚኒያ አፍ በልማድ «መንገዱ ተዘ...» ብሎ ጀመረ። ኢማኮላታ ቀና ብላ አየቻት።

«ሴራሉንጋ ነው። አሁን ወደዚያ ነን» አለች ኤርሚኒያ።

ከሞንፎርቴ ወደ ሴራሉንጋ የሚወስደው መንገድ በኮረብታው ጀርባ ላይ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። አስራ አንድ ዓመት አልነዳችበትም። ድሮ እያንዳንዱን ኩርባ ዓይኗን ጨፍና ታውቀው ነበር፤ አሁን ግን አዲስ የተሠራ መጋዘን አለ፣ የተቆረጠ ዛፍ አለ። ልቧ ቸኩሏል። ሰዓቷን ታያለች። ሴኮንዶ ለነገ ሲል በጊዜ ቢተኛስ? በሩን ባይከፍትላትስ? አኒዬሎ «ሲኞራ፣ ፈጠኑ» አላት። አልሰማችውም። አራተኛው ኩርባ ላይ ወይን በሣጥን ከምሮ የጫነ ትራክተር መንገዱን ሙሉ ይዞ ብቅ አለ።

ፍሬን ያዘች። ሚኒባሱ ጮሆ ቆመ። ትራክተሩ ላይ ያለው ሰውዬ እጁን አንስቶ ሰላምታ ይሁን ስድብ ሳይታወቅ አለፈ። ከኋላ ኢማኮላታ «እመቤቴ ድንግል!» ስትል ሰሙ፤ ከዚያ አንድ ነገር የመኪናው ወለል ላይ ተንከባለለ።

ጠርሙሱ አልተሰበረም። ከሳጥኑ ወጥቶ ወንበር ሥር ገብቷል። ኤርሚኒያ ወረደች፤ በርከክ ብላ አወጣችው፤ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጠርሙሱ አንገት በኩል ብርሃን ገብቶ ወይኑ እንደ ያረጀ ጡብ ቀልቶ ይታያል። አሁን ግን እንደ ታናሮ ወንዝ በጎርፍ ጊዜ ሆኗል። አተላው ከላይ እስከ ታች ይዞራል።

መንገዱ ዳር ተቀመጠች።

«አለቀ» አለች። «ስልሳ ዓመት የተኛውን በአንድ ቀን ገደልኩት። እንመለስ።»

«ለምን?» አለ አኒዬሎ።

«አይጠጣም። ምን ይዤ እገባለሁ? ይሄንን? እሱ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። በረዶ የመታው ዓመት ልጅ እጇ የነካው ሁሉ ይሄው ነው ይለኛል።»

ኢማኮላታ ወርዳ ከአጠገቧ ቆመች። ትንፋሽዋ ገና አልተመለሰም። «ልጄ፣ እኔ ነኝ የለቀቅኩት፤ እጄ ሽማግሌ ነው፤ አልቻለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽን ያመመው ወይን ጠምቶት ነው እንዴ?»

ኤርሚኒያ ጠርሙሱን ከፀሐይ በእጅጌዋ ጋረደችው።

«ነገ ይሄዳል አልሽ። ጠርሙስ ይዘሽ ካልሆነ መግቢያ የለሽም?»

«የለኝም» አለች ኤርሚኒያ። እውነቷን ነበር።

«እንግዲያው ጠርሙስ ይኸው። ደፈረሰ እንጂ አልጠፋ።»

አኒዬሎ ጉሮሮውን ጠራረገና እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ያምጡ።»

«መኪናዬን ከእኔ በቀር ማንም ነድቶት አያውቅም።»

«ሲኞራ፣ ሰላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሙሉ የቆሙ አሮጊቶች ጭኜ በናፖሊ ዳገትና ቁልቁለት ነድቻለሁ። አንዲት አሮጊት ወድቃብኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ አንዷ ወድቃለች፤ እሷም ሰክራ ነበር። እርስዎ ከኋላ ይቀመጡና ወንድምዎን በእጅዎ ይያዙ።»

ኤርሚኒያ ቁልፉን አየችው። ያን ቁልፍ ለመካኒክ ስትሰጥ እንኳ አብራ ቆማ ነው። ከዚያ ሰጠችው። ከኋላ ገብታ ተቀመጠችና ጠርሙሱን በሁለት እጇ ጭኗ ላይ አቆመችው። እውነትም ሰውዬው መንዳት ያውቃል፤ ኩርባው መቼ እንደጀመረ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም። አንድ ጊዜ ብቻ «እዚህ ጋ ሁለተኛ ነበር» አለችው። «መኪናዋ የማን ናት?» አላት፤ ሦስቱም ሳቁ።

ሴኮንዶ ግቢው ውስጥ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሸራ ላይ የተሰጣውን ኖቾላ በረጅም መጥረጊያ ያገላብጣል። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ሚኒባሱ ሲገባ ቀና አላለም፤ ኤርሚኒያ ስትወርድ ግን መጥረጊያው ቆመ።

አኒዬሎ ሞተሩን አጠፋ።

«መንገዱ ተከፈተ እንዴ?» አለ ሴኮንዶ።

ኤርሚኒያ ፊቷ ቀላ። «ማን ነገረህ?»

«ማን ያልነገረኝ አለ! ላ ሞራ ላይ ያለው ቡና ሻጭ ነገረኝ፣ ፖስተኛው ነገረኝ። አንድ ጊዜ ሁለት ጀርመኖች በእግራቸው መጥተው፣ መንገዱ ደህና ነው እኮ፣ ሹፌሯ ለምን ዋሸችን ብለው እኔን ጠየቁኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ልክ ናት፤ ናዳ አለ አልኳቸው።»

ኤርሚኒያ ጠርሙሱን ከጀርባዋ ይዛው ነበር። አወጣችው። ሴኮንዶ አየው። ወዲያው ነው ያወቀው። አፉ በታሸገበት ሰም ላይ አባታቸው በሚስማር የጫረው ፊደል አለ። እጁን ዘረጋና ተቀበላት፤ ከዚያ ከልጅነቱ የለመደውን አደረገ፤ ወደ ብርሃኑ አነሳው።

ረጅም ጊዜ አየው።

«በመኪና ነው ያመጣሽው?»

«አዎ።»

«ዛሬ? በሞንፎርቴ በኩል? በዚያ ኩርባ?»

«አዎ አልኩህ።»

«አንቺ አብደሻል! ያንን መንገድ ዱባ አይጫንበትም! አባታችን ቢያይሽ ምን ይል ነበር? መቼ ነው ያቆምሽው?»

«ትናንት ማታ።»

«ትናንት ማታ! ሰው ለሾርባ እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይሰጠዋል!»

«ታዲያ ምን ላድርግ!» ብላ ጮኸች። «ልትሞት መሆንህን ከዳቦ ሻጭ ነው የሰማሁት! ትናንት! ለሌላው ሁሉ ተናግረህ ለእኔ ሳትናገር! ለሦስት ቀን የሚበቃ ጊዜ ከየት ላምጣ?»

ሴኮንዶ ጠርሙሱን በእቅፉ ይዞ እንደ ተቀመጠ ኤርሚኒያን ያያታል።

አኒዬሎ ዝምታ አይችልም። ከሸራው ላይ አንድ ኖቾላ አንስቶ በጥርሱ እየሰበረ፣ ለመልካም ብሎ፣ «በንጹሕ ጨርቅ ብታጠልሉትስ?» አለ።

«በጨርቅ!» አለ ሴኮንዶ።

«በጨርቅ!» አለች ኤርሚኒያ። «ይሄ እኮ የእግር ውሃ አይደለም!»

«ሰውዬው ከየት ነው የመጣው?»

«ከናፖሊ።»

«እንደዚያ በይኛ» አለ ሴኮንዶ። ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ወንድምና እህት የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ሆነ። አኒዬሎ ሁለተኛ ኖቾላ አነሳና ሳይቀየም ሰበረው። ኢማኮላታ ከኋላው ክርኑን ጎሸም አድርጋ ግንቡን እንዲያይ ይዛው ሄደች።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ኤርሚኒያ ባዶ የፍሬ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች።

«ዛሬ አብረን እንጠጣዋለን ብዬ ነበር» አለች። «ሳትሄድ።»

«ዛሬ አይጠጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ሳምንት ይፈልጋል። ከዚህ በኋላማ ሁለት ሳምንት።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ሴኮንዶ በአውራ ጣቱ የጠርሙሱን አቧራ ጠረገ። «ሐኪሙ አስር ቀን ትተኛለህ ብሎኛል። ደህና ከሆነ።» ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ወረደ፤ ከዚያ መልሶ አነሳው። «እንግዲህ እስክመለስ ይቁም። ወደ ምድር ቤት አውርጂው። እኔ ደረጃ ተከልክያለሁ።»

ኤርሚኒያ ጠርሙሱን ተቀብላ ወረደች። አስራ ሁለት ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱን በእግሯ እየዳሰሰች። ምድር ቤቱ የአባቷን ቤት ይሸታል፤ እርጥብ ድንጋይና ያረጀ በርሜል። ከላይ የሴኮንዶ ድምፅ ተከተላት።

«ከበሩ አርቀሽ! ትራክተር ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል!»

«አውቃለሁ!»

«በስተ ግራ ያለው መደርደሪያ ላይ! ከስልሳ ዓመት ወዲያ ብርሃን አይወድም!»

«ማን ይወዳል!»

ጠርሙሱን ጥግ ላይ አቆመችው። ፎጣዋን ከሥሩ አደረገች። እጇን ከላዩ ለማንሳት ጊዜ ወሰደባት። ሰው የዛሬ አስር ቀን ከቶሪኖ ሳይመለስ ቢቀር ይህ ጠርሙስ እዚህ ቆሞ ጥርት ብሎ ይጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ ማን ይከፍተዋል? ይህን አሰበችና እንዳላሰበች ሆነች። ስትወጣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ነው፤ ግን ሴኮንዶ ያየ ይመስለኛል።

«ማንም አይንካው» አላት። «የምከፍተው እኔ ነኝ።»

«ማን ሊነካው! ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?»

«ታክሲው ሁለት ሰዓት ይመጣል።»

«ደውልና አይምጣ በለው።»

«ለምን? በአንቺ ልሄድ? ወይኑን እንዳመጣሽው ልትወስጂኝ?»

«ከኩርባው ወዲህ የነዳው ናፖሊታኑ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይውሰደኝ» አለ ሴኮንዶ። ሊስቅ ብሎ ሳሉ ያዘው፤ ደረቱን ደግፎ ቆየ። ኤርሚኒያ ተነስታ ጀርባውን ልትይዝ እጇን ዘርግታ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተወችው፤ ከዚያ ያዘችው። ሸሚዙ ሥር አጥንቱ ተቆጠረላት። የበሬ ከሚመስለው ትከሻ ይህ ቀረ አለች በሆዷ።

«ስለ እናታችን ወይን ግን» አለች እጇን ሳታነሳ፣ «አልረሳሁትም።»

«አትርሺ። ሥሩ በስብሶ ነበር፤ በሁለት ዓመት ራሱ ይሞት ነበር። ግን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

«ይገባህ ነበር።»

«አልኩ እኮ።»

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሴኮንዶ ትንሽ ሻንጣ ይዞ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ጉሙ ወርዷል፤ ከሴራሉንጋ አናት ካስቲልዮኔ አይታይም፤ የኤርሚኒያ ቤትም፣ መስኮቷም። ትወርዳለች፤ ኩርባ ትይዛለች፤ ትለቃለች። እንዲህ ቀስ ብላ ነድታ አታውቅም።

«የአንቺ ዓመት» አለ ሴኮንዶ ድንገት፣ መንገዱን እያየ።

«ደግሞ ምን ልትል ነው?»

«ያን ዓመት አገሩ ሁሉ ከበረዶ የተረፈችውን ፍሬ ለአሳማ ሰጠ። የቀላቀለም ነበር፤ ካለፈው ዓመት ጋር። አባታችን ብቻ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት አንዲት ፍሬ ለቅሞ ስድስት ጠርሙስ አወጣ። ሰው ሳቀበት። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቅርጫቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ይሆናል ብሎ አልነበረም፤ እንደማይሆን ያውቅ ነበር። ሴት ልጅ ተወልዳልኝ ባዶ መደርደሪያ አልሰጣትም ነው ያለው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያንን እሁድ ይህን መንገር ሲገባኝ ሌላ ተናገርኩ።»

ኤርሚኒያ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረደች፤ ከዚያ ወደ አንደኛ። መኪናዋ ልትቆም ምንም አልቀራትም። ከኋላቸው ባዶ የፍሬ ሣጥኖች የጫነ ትራክተር ደርሶባቸው ጥሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ።

«ኧረ ትንሽ ፍጠኚ» አላት ሴኮንዶ። «ትራክተር ሊያልፈን እኮ ነው።»

«ይለፍ» አለች ኤርሚኒያ፤ እጇንም በመስኮት አውጥታ ለትራክተሩ መንገድ ለቀቀችለት።